አንድ ተርፒን ሲንቴዝ ብዙ ውጤት ሲሰጥ፦ ጠባዩ ነው ወይስ የእኔ ስህተት?

የቅጠል ተማሪ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ሥራዬ ከናና ቤተሰብ የሆነ፣ ቅጠሉን በእጅ ሲያሹት ጠንካራ ሽታ የሚሰጥ አንድ ተክል ይዣለሁ። ሽታውን የሚሠራውን ኢንዛይም ለማግኘት ከለጋ ቅጠሉ አር.ኤን.ኤ. አውጥቼ፣ ከታወቁት የተርፒን ሲንቴዝ (ተርፒን የሚባሉትን የተክል ሽታ ውሁዶች የሚሠራ ኢንዛይም) ዘረመሎች ጋር የሚመሳሰል አንድ ቅደም ተከተል ከለየሁ በኋላ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ፕሮቲኑን አስመረትሁ፤ ከዚያም ለማጥሪያ በተቀጠለለት የሂስቲዲን ጭራ አማካይነት አጠራሁት። ቅደም ተከተሉን ለመረጃ ቋት ሳቀርብለት «ሊናሎል ሲንቴዝ» የሚል ስም ሰጠኝ። እኔም ስሙን አምኜ አንድ ውጤት ብቻ፣ ማለትም ሊናሎልን፣ ስጠብቅ ነበር።

ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። ለፕሮቲኑ አሥር ካርቦን ያለውን ጄራኒል ዳይፎስፌት ሰጥቼ ውጤቱን ውሁዶችን ለይቶ እያንዳንዱን እንደ ጫፍ በሚያሳየው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ስመረምር ከሁሉ ትልቁ ጫፍ የሊሞኒን ሆነ። ከእርሱ ቀጥሎ ሊናሎል፣ ከዚያም ጄራኒኦል፣ ሚርሲን፣ አነስ አነስ ያሉ የአልፋ እና የቤታ ፓይኒን ጫፎች፣ በመጨረሻም ጥቂት አልፋ ተርፒኒኦል ተከተሉ። አሥራ አምስት ካርቦን ባለው በፋርኔሲል ዳይፎስፌት ስሞክረው ደግሞ ቢዛቦሊን እና ፋርኔሶል ታዩ። ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበብኝ ከራሱ ከተክሉ የወጣው ዘይት ነው፤ በዘይቱ ውስጥ አብዛኛው ካርቮን ሲሆን ሊሞኒን ጥቂት፣ ሊናሎልም ሆነ ቢዛቦሊን ግን ፈጽሞ የሉም።

ስለዚህ ልጠይቃችሁ የምፈልገው ይህን ነው። አንድ ኢንዛይም ይህን ያህል ውሁድ ሊሠራ ይችላልን፣ ወይስ ያጠራሁት ፕሮቲን ከሌላ ጋር ተቀላቅሎብኛል? ከመረጃ ቋቱ ስም፣ ከመፈተኛ ቱቦዬ ውጤት እና ከተክሉ ዘይት የትኛውን ልመን? በተጨማሪም ትንሽ የሚመስል ግን እንቅልፍ የነሣኝ ጥያቄ አለኝ፦ ስለ እነዚህ ኢንዛይሞች የሚጽፉ ሁሉ ውጤቶቻቸውን «አሮማቲክ» ይሏቸዋል፤ በኬሚስትሪ ትምህርት ግን አሮማቲክ ማለት የቤንዚን ቀለበት ያለው ማለት ነው፤ እኔ ካየኋቸው ውሁዶች አንዱም ያ ቀለበት የለውም።

ካርቦን አስር፦

ውድ የቅጠል ተማሪ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ለጊዜው አቆይቼ ከመጀመሪያው ልነሣ፤ እርሱ ከገባ የሌሎቹ ግማሽ በራሱ ይፈታልና። አንድ ተርፒን ሲንቴዝ ብዙ ውሁዶችን መሥራቱ የተለመደ ጠባዩ ነው። ግራንድ ፈር ከተባለው የሰሜን አሜሪካ ዛፍ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1998 የተገለጸው ጋማ ሁሙሊን ሲንቴዝ ከአንድ መነሻ ውሁድ 52 የተለያዩ ሴስኪተርፒኖችን (ባለ አሥራ አምስት ካርቦን ተርፒኖችን) ይሠራል፤ ከዚያው ዛፍ የተገኘው ዴልታ ሰሊኒን ሲንቴዝ ደግሞ 34 ይሠራል። ቁጥብ ከሚባሉት ወገን የሆነው የስፒርሚንት ናና ሊሞኒን ሲንቴዝ እንኳ ከውጤቱ 94 በመቶ ያህሉ ሊሞኒን ሲሆን ቀሪው ሚርሲን እና ሁለቱ ፓይኒኖች ናቸው። እርስዎ የዘረዘሩትን ከዚህ ጋር ያስተያዩት፤ ከዝርዝርዎ ውስጥ የትኞቹ አንድ ቤተሰብ እንደሆኑ ከወዲሁ ይታያል።

ምክንያቱን ለመረዳት ኢንዛይሙ የሚሠራውን እና የማይሠራውን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ኢንዛይሞች መነሻ ውሁዳቸውን ይዘው እያንዳንዱን እርምጃ በራሳቸው አሚኖ አሲዶች ያስፈጽማሉ። ተርፒን ሲንቴዝ ግን ዋና ሥራው ማስጀመር ነው። በኪሱ አፍ አጠገብ በአንድ በኩል አስፓርቴት የተባለው አሚኖ አሲድ የበዛበት አጭር ቅደም ተከተል፣ ፊት ለፊቱም ሌላ ተመሳሳይ ጥምረት አለ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሦስት የማግኒዥየም አዮኖችን ይይዛሉ፣ አዮኖቹም የመነሻውን ውሁድ የዳይፎስፌት ጅራት ጨብጠው ከካርቦን ሰንሰለቱ ይለዩታል። ጅራቱ ሲሄድ አዎንታዊ ቻርጅ የያዘ፣ ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነ፣ ያገኘውን ኤሌክትሮን ሁሉ የሚመኝ ካርቦካታዮን ይቀራል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር በአመዛኙ የካርቦካታዮኑ የራሱ ኬሚስትሪ ነው፤ የኢንዛይሙ ድርሻ በኪሱ ቅርጽ ሰንሰለቱን በተወሰነ አኳኋን አጣጥፎ መያዝ፣ ውሃንም ማራቅ ወይም ማስገባት ነው። ቦይ ውሃውን አይገፋውም፤ ወዴት እንደሚፈስ ብቻ ይወስናል፤ ቦዩ ጠባብና ጥልቅ ከሆነ ውሃው ሁሉ በአንድ በኩል ይወጣል፣ ሰፊና ዝርግ ከሆነ ግን ይበታተናል።

አሁን ወደ እርስዎ ውሁዶች እንምጣ። ጄራኒል ዳይፎስፌት በሁለተኛውና በሦስተኛው ካርቦኑ መካከል ያለው ድርብ ቦንድ አቀማመጡ ትራንስ ስለሆነ ሰንሰለቱ በቀጥታ ወደ ባለ ስድስት አባል ቀለበት ሊታጠፍ አይችልም። ኢንዛይሙ ይህን የሚያልፈው በብልሃት ነው፦ የተለየው ዳይፎስፌት ተመልሶ በሦስተኛው ካርቦን ላይ ይለጠፋል፣ ሊናሊል ዳይፎስፌት የተባለ መካከለኛ ይሆናል፣ አሁን ነጠላ የሆነው ቦንድ ይዞራል፣ ከዚያም ዳይፎስፌቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲለይ አንደኛው ካርቦን ከስድስተኛው ጋር ይገጥምና ቀለበቱ ይዘጋል። የተገኘው አልፋ ተርፒኒል ካታዮን የመንገዶች ሁሉ መገናኛ ነው። ፕሮቶን ከጣለ ሊሞኒን ይሆናል፤ ውሃ ካገኘ አልፋ ተርፒኒኦል ይሆናል፤ በውስጡ የቀረውን ድርብ ቦንድ ተጠቅሞ ሁለተኛ ቀለበት ከዘጋ ወደ ፓይኒኖቹ ያመራል። ቀለበቱ ከመዘጋቱ በፊት ፕሮቶን የጣለው ደግሞ ሚርሲን ይሆናል። ስለዚህ ሊሞኒን፣ ሚርሲን እና ሁለቱ ፓይኒኖች በአንድ ቱቦ ውስጥ መታየታቸው የአንድ ጉዞ አራት መውረጃዎች እንጂ የአራት ኢንዛይሞች ሥራ አይደለም። ቢዛቦሊንም ከዚሁ ዘር ነው፤ አምስት ካርቦን የረዘመ ጅራት ያለው ሊሞኒን ማለት ነውና፣ ሊሞኒን የሚሠራ ኪስ ፋርኔሲል ዳይፎስፌት ሲሰጡት ያንኑ የቀለበት አዘጋግ በረጅሙ ሰንሰለት ላይ መድገሙ የሚያስገርም አይሆንም።

በውሃ የሚገኙት አልኮሎች፣ ማለትም ሊናሎል፣ ጄራኒኦል፣ ፋርኔሶል እና ተርፒኒኦል፣ ግን ሌላ ታሪክ ሊኖራቸው ይችላል። እነርሱን ለላብራቶሪ ሰዎች እተዋለሁ።

ጓንት ለባሿ፦

ካርቦን አስር የተዉልኝን ልቀበል፤ እኔ ወረቀት ላይ ከሚሣሉት ቀስቶች ይልቅ ከቱቦዎቹ ጋር የቆየሁ ሰው ነኝ። የቅጠል ተማሪ፣ የእርስዎን ዝርዝር ሳነብ ዓይኔ የወደቀው ትልቁ ጫፍ ላይ ሳይሆን ኦክስጅን በያዙት አራቱ ላይ ነው። አራቱም ያለ ተርፒን ሲንቴዝ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው።

ጄራኒኦል እና ፋርኔሶል ከባክቴሪያው ሊመጡ ይችላሉ። ኢ. ኮላይ ፎስፌት የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉት፤ በሂስቲዲን ጭራ አንድ ዙር ያጠራነው ፕሮቲንም ከእነዚህ ጥቂት ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። እነርሱም ካርቦካታዮን ሳይፈጥሩ ፎስፌቱን ብቻ ቆርጠው ጄራኒል ዳይፎስፌትን ጄራኒኦል፣ ፋርኔሲል ዳይፎስፌትን ፋርኔሶል ያደርጋሉ። በዚህ ላይ ተርፒን ሲንቴዞች ቀርፋፎች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም፤ አብዛኞቹ በሴኮንድ አንድ ሞለኪውል እንኳ አያደርሱም። ተመራማሪው ኢንዛይሙ እስኪሠራ ብሎ ቱቦውን ለብዙ ሰዓት ሲተወው፣ ጥቂቷ የባክቴሪያ ፎስፋታዝ ያንን ጊዜ ሁሉ በደስታ ትጠቀምበታለች። ሶዲየም ፍሎራይድ እና የቫናዴት ጨው የሚጨመሩት እርሷን ለመግታት ነው፤ ፕሮቲኑን በሁለተኛ ዓምድ ማሳለፍ ግን የተሻለ መፍትሔ ነው።

ሊናሎልና ተርፒኒኦልን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሥራውን ያቆሙት በምንድን ነው? በአሲድ ከሆነ ነገሩ እዚያው ነው ብዬ እገምታለሁ። ጄራኒል ዳይፎስፌት አሲድን አይታገሥም፤ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ራሱ ይፈርስና በብዛት ሊናሎል፣ ከእርሱም ጋር ጄራኒኦል እና ጥቂት ተርፒኒኦል ይሰጣል። ኢንዛይም ሳይነካው ማለት ነው።

ይህን ለመለየት መደረግ ያለባቸው መቆጣጠሪያዎች አሉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ፕሮቲኑን አፍልቶ መሞከር ነው፤ ጠቃሚ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ማፍላት የእርስዎን ኢንዛይም ብቻ ሳይሆን የባክቴሪያውንም ፎስፋታዝ ስለሚገድል፣ የጠፋው ጫፍ የማን እንደነበረ አይነግርዎትም። ባዶ ፕላዝሚድ (ዘረመሉ ያልገባበት ተሸካሚ ዲ.ኤን.ኤ.) ከያዘ ባክቴሪያ በተመሳሳይ መንገድ የተጠራ ናሙና ይሻላል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ከአስፓርቴቶቹ አንዱን አላኒን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ለውጦ ያንኑ ፕሮቲን እንደገና ማምረት ነው፦ መጠኑ ያው፣ አጠራሩ ያው፣ ይዞት የሚመጣው ቆሻሻም ያው ሆኖ ማግኒዥየምን የሚይዝበት እጁ ብቻ ይጎድላል። በዚህኛው ቱቦ ውስጥ የቀረ ጫፍ ሁሉ የእርስዎ ኢንዛይም ሥራ አይደለም።

ሌላው ፈተና የእጅ ጉዳይ ነው። ሊናሎል እንደ ግራና ቀኝ እጅ በመስታወት የሚተያዩ ሁለት መልኮች አሉት። ተራው የክሮማቶግራፊ ዓምድ ሁለቱን አይለይም፤ ከሳይክሎዴክስትሪን የተሠራው ዓምድ ግን ይለያል። ኢንዛይም ሞለኪውሉን በአንድ አኳኋን አጣጥፎ ስለሚይዝ ብዙውን ጊዜ አንዱን እጅ አብልጦ ይሠራል፤ አሲድ ግን እጅ አይመርጥም፣ እኩል በእኩል ያወጣል።

ለሌሎች አንባቢዎች በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሥራ አምስት ካርቦን ተርፒኖች ጋር የምትሠሩ ሁሉ የመርፌው መግቢያ ሙቀት ራሱ ኬሚስት መሆኑን አስታውሱ። ጀርማክሪን ኤ የተባለው ውሁድ በጋለው መግቢያ ውስጥ ሲያልፍ አጥንቱን አደራጅቶ ቤታ ኤሌሚን ይሆናል። ቤታ ኤሌሚን አገኘሁ ብሎ «ኤሌሚን ሲንቴዝ» የሚል ስም ለመስጠት የቸኮለ ሰው፣ የመግቢያውን ሙቀት ዝቅ አድርጎ ደግሞ ቢሞክር ስሙን ይቀይራል።

የቅጠል ተማሪ፦

ክብርት ጓንት ለባሿ፣ ጥያቄዎ አንገቴን አስደፋኝ። ሥራውን ያቆምሁት በእርግጥም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነበር፤ ውጤቱን ለማውጣት ሄክሴን ከማፍሰሴ በፊት አሲድ ጨምሬ ለሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጠው ነበር። ይህን አሠራር ከሌላ ኢንዛይም መመሪያ ነው የወሰድሁት፤ ለዚህኛው ይስማማ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ባዶ ፕላዝሚድ ያለበትን ናሙና አላዘጋጀሁም፤ ያፈላሁትን ግን ሠርቼ ነበርና መዝገቤን አውጥቼ ተመለከትሁ። በፈላው ቱቦ ውስጥ ሊሞኒን፣ ሚርሲን እና ፓይኒን ጠፍተዋል፣ ጄራኒኦልም በጣም ቀንሷል፤ ሊናሎል ግን እንዳለ ነበር። ያን ጊዜ ማፍላቱ አልተሳካም ብዬ ገጹን አልፌው ነበር።

ሙከራውን እንደገና ልሥራው። ነገር ግን አንድ ነገር አሁንም አልገባኝም፤ ሊናሎሉ የአሲድ ሥራ ከሆነ የመረጃ ቋቱ «ሊናሎል ሲንቴዝ» ያለኝ ለምንድን ነው?

ሥረ ተክል፦

ይህ ጥያቄ የእኔ መስክ ስለሆነ ልግባበት። የመረጃ ቋቱ ኢንዛይሙ የሚሠራውን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቅደም ተከተሉ ከየትኛው ቀደም ሲል ከተመዘገበ ቅደም ተከተል ጋር እንደሚቀራረብ ብቻ ነው። በሌሎች ብዙ የፕሮቲን ቤተሰቦች ይህ ጥሩ መመሪያ ነው፤ በተርፒን ሲንቴዞች ዘንድ ግን ዝምድና እና ሙያ ተለያይተው ይሄዳሉ። ከአንድ ተክል የወጡ፣ በቅደም ተከተል እጅግ የሚቀራረቡ ሁለት ኢንዛይሞች የተለያየ ውሁድ ሊሠሩ ይችላሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ከሩቅ የተለያዩ ሁለት ኢንዛይሞች አንድ ውሁድ ሲሠሩ ይገኛሉ።

ሊናሎል ራሱ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ሊናሎል ሲንቴዝ መጀመሪያ በዝርዝር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ክላርኪያ ብሬዌሪ ከተባለ፣ የእሳት እራቶች ከሚያዳቅሉት የካሊፎርንያ አበባ ነው። የዚያ አበባ ኢንዛይም በዘር ሐረጉ የሚመደበው ከናና ቤተሰብ ሊናሎል ሲንቴዞች ጋር አይደለም፤ የስናፕድራገን አበባው ደግሞ ከሁለቱም በተለየ ሦስተኛ ቅርንጫፍ ላይ ይገኛል። ተክሎች ይህን ችሎታ በየራሳቸው መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ አግኝተውታል ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ የሚነግርዎ «የጎረቤትህ ሙያ ይህ ነው» የሚል እንጂ «የአንተ ሙያ ይህ ነው» የሚል አይደለም። ጎረቤቱም ስሙን ያገኘው እንደ እርስዎ ባለ አሲድ በገባበት ቱቦ እንዳይሆን ማን ያውቃል።

በተጨማሪም የቱቦው ውጤት እውነት ቢሆን እንኳ የተክሉ እውነት ላይሆን የሚችልበት ምክንያት አለ፤ እርሱም ቦታ ነው። ለእነዚህ ኢንዛይሞች የሚቀርቡት አምስት ካርቦን ያላቸው ጡቦች በተክል ሕዋስ ውስጥ በሁለት መንገድ ይሠራሉ፦ በሳይቶሶል (በሕዋሱ ፈሳሽ) በሜቫሎኔት መንገድ፣ በፕላስቲድ (ክሎሮፕላስትን የመሰለ የሕዋስ ክፍል) ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በታወቀው ሌላ መንገድ። በፕላስቲድ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ አሥር ካርቦኑ ጄራኒል ዳይፎስፌት ሲሆን በሳይቶሶል የሚገኘው ባለ አሥራ አምስቱ ፋርኔሲል ዳይፎስፌት ነው። በፕሮቲኑ መጀመሪያ ላይ ያለው የመላኪያ ቅጥያ ኢንዛይሙን ወደ ፕላስቲድ ከላከው ፋርኔሲል ዳይፎስፌትን ብዙም አያገኘውም፤ በቱቦ ውስጥ ሲሰጡት ግን ይቀበለዋል። ተክልዎ ቢዛቦሊን የሌለው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ኢንዛይሙ መሥራት ይችላል፣ ዕድሉን ግን አላገኘም።

የስናፕድራገን ሁለት ኢንዛይሞች ይህን በግልጽ ያሳያሉ። ሁለቱ በቅደም ተከተል መንትያ ለመባል ጥቂት የቀራቸው ሲሆኑ ሁለቱም ከአሥር ካርቦኑ ሊናሎልን፣ ከአሥራ አምስቱ ኔሮሊዶልን መሥራት ይችላሉ። አንዱ ወደ ፕላስቲድ ስለሚገባ ሊናሎል ይሠራል፤ ሌላው በሳይቶሶል ስለሚቀር ኔሮሊዶል ይሠራል። በተመረተው እንጆሪ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የፍሬውን ሊናሎልና ኔሮሊዶል የሚሠራው አንድ ኢንዛይም ነው፤ የመላኪያ ቅጥያው በመበላሸቱ በሳይቶሶል የቀረ ኢንዛይም ነው።

ይህን ያነሣሁበት አንድ ተግባራዊ ምክንያትም አለኝ። ኢንዛይሙን በባክቴሪያ ሲያመርቱ የመላኪያ ቅጥያውን ቆርጠውታል ወይስ ሙሉውን አስገብተዋል? ቅጥያው ያልተቆረጠለት ፕሮቲን በባክቴሪያ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ ይከማቻል። በስፒርሚንት ሊሞኒን ሲንቴዝ ላይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ቅጥያውን ጎን ለጎን ከቆሙት፣ አርጂኒን ከተባሉት ሁለት አሚኖ አሲዶች ፊት ሲቆርጡት በሚገባ የሚሠራ ፕሮቲን አግኝተዋል። ሁለቱን አርጂኒኖች ግን አብረው አይቁረጡ፤ ቀለበት ለመዝጋት ያስፈልጋሉና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ፣ ሽታ ያለው ተርፒን ሁሉ የግድ የተርፒን ሲንቴዝ ሥራ ነው ብሎ ማሰብም አይገባም። ጽጌረዳን ብንወስድ ጄራኒኦልዋን የምትሠራው ኑዲክስ ከሚባል ፍጹም የተለየ ቤተሰብ በሆነ ኢንዛይም መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ታውቋል። ኢንዛይሙ በሳይቶሶል ውስጥ ከጄራኒል ዳይፎስፌት አንዱን ፎስፌት ይቆርጣል፣ ቀሪውን ሌላ ፎስፋታዝ ያስወግዳል፤ ካርቦካታዮን የሚባል ነገር በመካከል የለም። በሶብላ ግን ያንኑ ጄራኒኦል በተርፒን ሲንቴዝ ትሠራለች።

ካርቦን አስር፦

ከሥረ ተክል ጋር በአንድ ነገር እለያለሁ። ቅደም ተከተል ስለ ሙያ ምንም አይናገርም እስከማለት የሚያደርስ አነጋገር ይመስለኛል፤ ነገር ግን የማግኒዥየም መያዣዎቹ መኖር ኢንዛይሙ ዳይፎስፌትን በመለየት እንደሚጀምር፣ ሁለቱ አርጂኒኖች መኖራቸው ደግሞ ቀለበት ሊዘጋ እንደሚችል ይጠቁማል። ኪሱን የሚሠሩትን አሚኖ አሲዶች በማወቅም ውጤቱን መለወጥ ተችሏል፦ ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን ባለ 52 ውጤቱን ጋማ ሁሙሊን ሲንቴዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በኪሱ ውስጥ ያሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶችን በመለዋወጥ እያንዳንዳቸው ወደ ተለያየ ውጤት ያዘነበሉ ሰባት ኢንዛይሞች አድርገውታል። ዝምድናው ያሳስት ይሆናል፤ ኪሱ ግን ካነበቡት ይናገራል።

አሁን ያቆየሁትን የ«አሮማቲክ» ጥያቄ ልመልስ። ጠያቂያችን ትክክል ናቸው፤ ሁለት የተለያዩ ቃላት በአንድ ድምፅ እየተጠሩ ነው። በሽቶና በዕፀዋት ሰዎች ዘንድ ቃሉ መዓዛ ያለው ማለት ብቻ ነው። በኬሚስትሪ ግን የጥንቶቹ አሮማቲኮች ጥሩ ሽታ ስለነበራቸው የወጣላቸው ስም፣ ጀርመናዊው ኬሚስት ኬኩሌ እ.ኤ.አ. በ1865 የቤንዚንን ቀለበት ካቀረበ በኋላ ከሽታው ተለይቶ የቀለበቱ ስም ሆኖ ቀረ። በእኛ ቋንቋ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያው «መዓዛማ»፣ ለሁለተኛው «አሮማቲክ» ብለን ብንለያቸው ችግሩ ባልተነሣ ነበር። ሊሞኒን መዓዛማ ነው፣ አሮማቲክ አይደለም። በሌላ በኩል የቅርንፉድ ሽታ የሆነው ዩጂኖል አሮማቲክ ነው፣ ተርፒን ግን አይደለም፤ ከፌኒልአላኒን በኩል በሚመጣ ሌላ መንገድ ይሠራል።

ሁለቱንም የሆኑ ጥቂቶች አሉ፤ የጦስኝ ሽታ የሆነው ቲሞል እና ወንድሙ ካርቫክሮል ዋናዎቹ ናቸው። እነርሱንም ቢሆን ተርፒን ሲንቴዙ ብቻውን አይሠራቸውም። ሲንቴዙ ጋማ ተርፒኒንን ሠርቶ ይተዋል፤ ከዚያ ከፒ 450 ቤተሰብ የሆነ ኢንዛይም ኦክስጅን ያስገባበታል፣ ሌላ ሃይድሮጅን ነጣቂ ኢንዛይም ይከተለዋል፣ የተገኘው ውሁድም ራሱን አስተካክሎ አሮማቲክ ይሆናል። ለረጅም ዘመን ፓራ ሳይሚን የተባለው ውሁድ የመንገዱ መካከለኛ እንደሆነ ይታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሥራ ግን ፓራ ሳይሚን ሁለተኛው ኢንዛይም ሳይደርስ ሲቀር የሚወጣ የጎን ውጤት መሆኑን አሳይቷል።

የቅጠል ተማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሙከራውን ደግሜ ሠርቻለሁ። በዚህ ጊዜ ሥራውን ያቆምሁት በአሲድ ሳይሆን ማግኒዥየሙን በሚነጥቀው በኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ነው፤ ፕሮቲኑንም ለሁለተኛ ጊዜ በሌላ ዓምድ አሳልፌዋለሁ፤ ሥረ ተክል እንደመከሩትም ቅጥያውን ከሁለቱ አርጂኒኖች ፊት ቆርጬ እንደገና አስመርቼዋለሁ። ሊናሎልና ተርፒኒኦል ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል፤ ጄራኒኦል በጥረት የሚታይ ጉብታ ሆኗል። ሊሞኒን፣ ሚርሲን እና ሁለቱ ፓይኒኖች በነበሩበት አሉ። የድሮውን ናሙና እጅ በሚለየው ዓምድ ላይ ሳስመረምረው ሊናሎሉ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጫፍ ሆኖ ወጥቷል፤ በአዲሱ ናሙና ያለው ሊሞኒን ግን አንድ ጫፍ ብቻ ነው። አስፓርቴቱ በአላኒን የተለወጠበትን ፕሮቲን ለማምረት መነሻ ዲ.ኤን.ኤ.ውን አዝዣለሁ።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ የተክሉ ዘይት ነው። ኢንዛይሙ ሊሞኒን የሚሠራ ከሆነ በዘይቱ ውስጥ ሊሞኒን ለምን አነሰ?

ጓንት ለባሿ፦

መልሱን በመጀመሪያው ጽሑፍዎ ራስዎ ሰጥተውናል፤ ዘይቱ በአብዛኛው ካርቮን ነው ብለዋል። ካርቮን የሊሞኒን ልጅ ነው። በስፒርሚንት ናና ውስጥ ከፒ 450 ቤተሰብ የሆነ ኢንዛይም በሊሞኒን ስድስተኛ ካርቦን ላይ ኦክስጅን ያስገባና ካርቪኦል ያደርገዋል፤ ቀጥሎ ሌላ ኢንዛይም ሃይድሮጅኑን ነጥቆ ካርቮን ያደርገዋል። በፔፐርሚንት ናና ውስጥ ደግሞ ያንኑ ሊሞኒን ዘመዱ የሆነ ኢንዛይም በሦስተኛው ካርቦን ላይ ይነካውና ጉዞው ወደ ሜንቶል ይሆናል። ሁለቱ ተክሎች ሽታቸው የተለያየው በተርፒን ሲንቴዙ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ነው። ሊሞኒኑ በዘይቱ ውስጥ ያነሰው ስለተበላ ነው እንጂ ስላልተሠራ አይደለም፤ የቀረው ጥቂት ሊሞኒን የሚቀጥለው ኢንዛይም ሳይደርስበት ወደ ዘይቱ ከረጢት ያመለጠው ነው።

ስለዚህ ከሊሞኒንዎ እና ከካርቮንዎ እጅ ጀምረው ያረጋግጡ፤ በስፒርሚንት ውስጥ ኤስ ሊሞኒን ነው አር ካርቮን የሚሆነው። ፊደሉ መለወጡ አያስደንግጥዎ፤ የስም አወጣጡ ደንብ ያመጣው ነው እንጂ የካርቦኑ አቀማመጥ ያው ነው። ከተስማሙ ኢንዛይሙን ሊሞኒን ሲንቴዝ ብለው መመዝገብ ይችላሉ፤ የመረጃ ቋቱንም ስም ያስተካክሉት፣ አለበለዚያ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ያንኑ ስም ሲያምን ይኖራል።

ቀጥሎ የሚፈልጉት ያንን ፒ 450 ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ሲያገኙ 363ኛውን አሚኖ አሲድ ቀድመው ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሥራ እንዳሳየው በስፒርሚንቱ ኢንዛይም እዚያ ቦታ ላይ ያለው ፌኒልአላኒን በአይሶሉሲን ብቻ ሲተካ ኢንዛይሙ ስድስተኛውን ካርቦን ትቶ እንደ ፔፐርሚንቱ ሦስተኛውን ይነካል። ተክልዎ ካርቮን ስላለው እዚያ ቦታ ላይ ፌኒልአላኒን እጠብቃለሁ፤ ግን ስለ ስም ከተነጋገርነው በኋላ ይህንንም ቱቦ ውስጥ ሳያዩ አይመኑኝ።

የቅጠል ተማሪ፦

አላምንዎትም፤ እሞክረዋለሁ። በዚህኛው ግን ማቆሚያዬ አሲድ አይሆንም።